ውኃው ከጠራ ለምን ተዘጋ?

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ሰሞኑን ወደዚህ ዓምድ ከደረሱት ደብዳቤዎች አብዛኞቹ በአንድ ጉዳይ ላይ ያጠነጥናሉ፤ ሙስል፣ ኦይስተር፣ ክላምና ስካሎፕን በመሳሰሉ ባለ ሁለት ክዳን ዛጎል የባሕር እንስሳት ውስጥ ስለሚከማቸው የተፈጥሮ መርዝ። የእኔም ሥራ ይኸው ነው። የእነዚህን እንስሳት ሥጋ ስፈጭ፣ ሳጣራና ስለካ የምውል የላቦራቶሪ ባለሙያ ነኝ። ስለዚህ ሌሎቹን ጥያቄዎች ለሚቀጥለው እትም አቆይቼ በዚህኛው ለእነዚህ ብቻ እመልሳለሁ። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

«የሆቴል ወጥ ቤት ኃላፊ ነኝ። ሙስል ስሠራ ዛጎሉ ከተከፈተ በኋላም ረዘም ላለ ጊዜ አፈላዋለሁ። ነባር ባልደረቦቼ ደግሞ ከነጭ ሽንኩርት ጋር ቀቅለው፣ የብር ማንኪያ ይከቱበትና ማንኪያው ካልጠቆረ መርዝ የለውም ይላሉ። በዚህ መተማመን እችላለሁ?»

ወንድሜ፣ በአንዳቸውም እንዳይተማመኑ እለምንዎታለሁ። በደንብ መቀቀል ባክቴሪያንና ቫይረስን ስለሚገድል ልማድዎን አይተዉት። መርዙ ግን ሕይወት የለውምና የሚገደል ነገር አይደለም። ከመርዞቹ ሁሉ አስፈሪው ሳክሲቶክሲን በፈላ ውኃ ሙቀት አይፈርስም፤ እንዲያውም እኛ ላቦራቶሪ ውስጥ ከሥጋው የምናወጣው ከአሲድ ጋር አፍልተን ነው። ማቀዝቀዣም አያጠፋውም። ሲቀቀል ከፊሉ ወደ መረቁ ይወጣ ይሆናል፤ መረቁ ግን ከሙስሉ ጋር ወደ ሳህን ይሄዳል። ነጭ ሽንኩርቱና የብር ማንኪያው ደግሞ ስለ መርዙ ምንም አይናገሩም። እነዚህ ልማዶች ብዙ ሰው አዘናግተዋልና ወጥ ቤትዎ ውስጥ ቢያስቀሩዋቸው ደስ ይለኛል።

መርዙ የሚመነጨው ከሙስሉ ሳይሆን ሙስሉ ከሚመገባቸው ባለ አንድ ሕዋስ ጥቃቅን አልጌዎች ነው። አንድ ሙስል በሰዓት ከአንድ ሊትር በላይ የባሕር ውኃ በሰውነቱ ውስጥ እያሳለፈ ምግቡን ያጣራል። በውኃው ውስጥ አሌክሳንድሪየምን የመሰለ መርዛም አልጌ ካለ፣ መርዙ በተለይ በምግብ መፍጫ ዕጢው ውስጥ እየተከማቸ ይሄዳል። ሙስሉን ራሱን ብዙውን ጊዜ አይጎዳውም። ስለዚህ የያዙት ሙስል ሕያው፣ ሲነኩት ክዳኑን ግጥም አድርጎ የሚዘጋ፣ ሽታውም ጣዕሙም ያማረ ሆኖ ሰው የሚገድል ሊሆን ይችላል።

ይህ አዲስ ነገር አይደለም። በሰኔ ወር 1793 የእንግሊዛዊው አሳሽ የካፒቴን ጆርጅ ቫንኩቨር ጉዞ አባላት ዛሬ ብሪቲሽ ኮሎምቢያ በሚባለው የካናዳ ዳርቻ ሙስል ለቅመው ለቁርስ በሉ። የተወሰኑት ታመሙ፤ ጆን ካርተር የተባለው ባሕረኛ በዚያው ቀን ሞተ። ቦታው እስከ ዛሬ ካርታ ላይ የመርዝ ሰርጥ እየተባለ ይጠራል።

እርስዎ በእርግጥ ሥልጣን ያለዎት ዕቃ በሚረከቡበት በር ላይ ነው። ከረጢቱ ላይ ከየትኛው የባሕር ክልል፣ በየትኛው ቀን፣ በማን እንደተሰበሰበ የሚገልጽ መለያ ካልታሰረበት አይቀበሉ፤ ሻጩ የቱንም ያህል የቆየ ወዳጅዎ ቢሆን። መለያውንም ሙስሉ ሲያልቅ አይጣሉት። በአሜሪካ ደንብ የከረጢቱ የመጨረሻ ፍሬ ከተሸጠ በኋላ 90 ቀን መቀመጥ አለበት። ሰው ቢታመም መነሻው እስከ ባሕሩ ድረስ የሚፈለገው በዚያች ቁራጭ ወረቀት ነው።

«አባቴ ከአንድ ድንጋያማ ዳርቻ ሙስልና ክላም ሲለቅም እያየሁ አደግሁ። አሁን እኔም ልጆቼን ይዤ ከዚያው እለቅማለሁ። ውኃው የቀላ ዕለት እንተዋለን እንጂ ሌላ ጊዜ በልተን አንድም ቀን ታመን አናውቅም። ልማዳችን ትክክል አይደለም?»

እኅቴ፣ የአባትዎን እውቀት አከብራለሁ፤ ነገር ግን በዚህ ጉዳይ አያድንዎትም። ውኃ ዓይን የሚያየው ቀለም እንዲይዝ በአንድ ሊትር ውስጥ በሚሊዮን የሚቆጠር ሕዋስ ያስፈልጋል። አሌክሳንድሪየም ግን በሊትር በመቶዎችና በሺዎች ሲቆጠር፣ ውኃው እንደ ብርጭቆ እየጠራ፣ ሙስሉን መርዛም ሊያደርገው ይችላል። በሌላ በኩል ውኃን ከሚያቀሉ አልጌዎች ብዙዎቹ ምንም መርዝ የላቸውም። ስለዚህ የውኃው ቀለም አደጋውንም ደኅንነቱንም አይነግርዎትም።

አለመታመምዎ የሚያሳየው ያን ዕለት፣ በዚያ ዳርቻ መርዙ አለመኖሩን ወይም አነስተኛ መሆኑን ብቻ ነው። የአሌክሳንድሪየም እንቅልፍ ላይ ያሉ ዘሮች በባሕሩ ወለል ጭቃ ውስጥ ለዓመታት ሊቀመጡ፣ ሁኔታው ሲመቻቸውም ሊነሡ ይችላሉ። ደግሞም ሙስልና ክላም አንድ አይደሉም። ሙስል መርዙን ፈጥኖ ይሰበስባል፤ አልጌው ካለፈ በሳምንታት ውስጥም አብዛኛውን ጊዜ ይለቀዋል። በሰሜን ፓስፊክ ዳርቻ የሚገኝ አንድ የክላም ዓይነት ግን ሳክሲቶክሲንን እስከ ሁለት ዓመት ይዞ ሊቆይ ይችላል። ከአንድ ቋጥኝ ሥር የተለቀሙ ሁለት ዓይነት እንስሳት፣ አንዱ የሚበላ ሌላው የሚገድል ሊሆኑ ይችላሉ።

በ1927 በሳን ፍራንሲስኮ አካባቢ 102 ሰዎች ሙስል በልተው ታመው 6ቱ ሞተዋል። እስከ ዛሬ ካሊፎርኒያ በየዓመቱ ከግንቦት 1 እስከ ጥቅምት 31 (እንደ አውሮፓውያን ወራት) ሰው ለራሱ ምግብ ብሎ ከዳርቻው ሙስል እንዳይለቅም የምትከለክለው በዚህ ዓይነት ታሪክ ምክንያት ነው። በ1987 በጓቲማላ የፓስፊክ ዳርቻ በምትገኘው ሻምፔሪኮ 187 ሰዎች ክላም በልተው ታመሙ፤ 26 ሞቱ። በሕፃናቱ ላይ የደረሰው ከአዋቂዎቹ እጅግ የከፋ ነበር። ይህን የምጽፍልዎ ላስፈራራዎ ብዬ ሳይሆን ልጆችዎ አብረውዎት ስለሚበሉ ነው።

ከመውጣትዎ በፊት ዳርቻው ክፍት ስለመሆኑ የሚመለከተውን የምግብ ደኅንነት ወይም የዓሣ ሀብት መሥሪያ ቤት ይጠይቁ፤ የዚያኑ ዕለት መረጃ ካላገኙ አይልቀሙ። ከበሉ በኋላ ደግሞ ከንፈርና ምላስ ከነዘረ ወይም ከደነዘዘ፣ ስሜቱ ወደ ፊትና ወደ ጣቶች ከተዛመተ፣ ንግግር ከተንተባተበ ወይም እግር ከከዳ፣ በደቂቃዎችም ሆነ ከጥቂት ሰዓታት በኋላ ይሁን፣ እስኪያልፍ አይጠብቁ፤ ወደ ሆስፒታል ይሂዱ። ሳክሲቶክሲን በነርቭና በጡንቻ ላይ ሶዲየም የሚያልፍባቸውን በሮች ይደፍናል፤ ሰውን የሚገድለው መተንፈሻ ጡንቻዎቹን አስሮ ነው። ማርከሻ መድኃኒት የለውም። ነገር ግን በመሣሪያ እየተነፈሰ የመጀመሪያውን ቀን ያለፈ ሕመምተኛ አብዛኛውን ጊዜ ይድናል። ሰዓቱ ዋጋ ያለው ለዚህ ነው።

«የኬሚስትሪ ተማሪ ነኝ። መምህራችን ሙስል የሚመረመረው አይጥ ላይ በመወጋት ነው አሉን። እውነት ነው? ዛሬስ እንዴት ነው የሚሠራው?»

መምህርህ ትክክል ናቸው፤ የተናገሩት ግን በአመዛኙ ያለፈውን ዘመን ነው። ሶመርና ሜየር የተባሉ ተመራማሪዎች በ1937 ያሳተሙት ዘዴ ለብዙ አሥርት ዓመታት ዓለም የሚመራበት ነበር። ከሙስሉ የወጣው ጭማቂ 1 ሚሊ ሊትር ያህል 20 ግራም ገደማ በምትመዝን አይጥ ሆድ ውስጥ ይወጋል፤ እስክትሞት ያለው ጊዜ በሰዓት ይያዛል። እንዲህ ያለችውን አይጥ በ15 ደቂቃ የሚገድል የመርዝ መጠን አንድ መለኪያ ሆኖ ይቆጠር ነበር። ዘዴው ብዙ ሕይወት አድኗል። ጉድለቱ ግን አይጧ በምን እንደሞተች አትነግርህም፤ ትንሽ መጠንንም አትለይም፤ ከዚህም በላይ ሥቃይዋ አለ። የአውሮፓ ኅብረት በስብ ለሚሟሙት መርዞች ከ2011 ጀምሮ የኬሚካል ምርመራን ዋና ዘዴ አድርጎ፣ የአይጡን መደበኛ ምርመራ በ2014 መጨረሻ አስቀርቷል። በውሳኔው በጣም ደስ ይለኛል።

ሆኖም አንድ ታሪክ ልንገርህ። በ1987 መገባደጃ በካናዳ ከፕሪንስ ኤድዋርድ ደሴት የመጣ ሙስል የበሉ ከ100 በላይ ሰዎች ታመሙ፤ 3 ሰዎች ሞቱ፤ ከተረፉትም አንዳንዶቹ አዲስ ነገር የማስታወስ ችሎታቸውን አጡ። ጭማቂው አይጥ ላይ ሲወጋ አይጦቹ እንደ ሳክሲቶክሲን አልደነዘዙም፤ በኋለኛ እግራቸው ትከሻቸውን ደጋግመው ይቧጥጡ ነበር። ያንን ያስተዋለ ዓይን የተለየ መርዝ መኖሩን አወቀ። ሃሊፋክስ የሚገኙት ኬሚስቶች በጥቂት ቀናት ውስጥ ዶሞይክ አሲድ መሆኑን ለዩት፤ ምንጩም ሱዶ ኒትሺያ የተባለ ዳያቶም (የጥቃቅን አልጌ ዓይነት) ሆኖ ተገኘ። ዳያቶሞች ሰውን የሚመርዝ ነገር ያመነጫሉ ብሎ እስከዚያ ድረስ የጠረጠረ አልነበረም።

አሁን ወደ ሥራ ጠረጴዛዬ ልውሰድህ። ናሙናው ቦታው፣ ጥልቀቱና ቀኑ ተጽፎበት ይመጣል። ዛጎሉን ከአሸዋ አጥበን በቢላ እንከፍታለን፤ ሥጋውን አውጥተን በወንፊት ላይ እናንጠፈጥፋለን፤ ቢያንስ 100 ግራም ያህል ሲሞላ አንድ ወጥ ልቁጥ እስኪሆን እንፈጨዋለን። ብዙ እንስሳት አንድ ላይ የሚፈጩት አንዱ ሙስል ከጎረቤቱ በእጅጉ ሊለይ ስለሚችል ነው። ከልቁጡ 2 ግራም ብቻ መዝነን በሜታኖል ሁለት ጊዜ አጥበን፣ በሴንትሪፉጅ አሽከርክረን፣ የጠራውን ወደ 20 ሚሊ ሊትር እናመጣዋለን። ተማሪዎች ብዙ ጊዜ የሚዘሉት ደረጃ ቀጥሎ የሚመጣው ነው። ተቅማጥና ትውከት የሚያመጣው መርዝ የኦካዳይክ አሲድ ከፊሉ ከስብ ጋር ተጣብቆ ስለሚገኝ በቀጥታ ብትለካው ታሳንሰዋለህ። ስለዚህ ከጭማቂው ከፊሉን ከሶዲየም ሃይድሮክሳይድ ጋር በ76 ዲግሪ ሴልሺየስ ለ40 ደቂቃ አሙቀን ከስቡ እናላቅቀዋለን። ከዚያ በኋላ ፈሳሽ ክሮማቶግራፊ መርዞቹን ይለያያል፤ ማስ ስፔክትሮሜትሩ እያንዳንዱን በሞለኪዩሉ ክብደትና ሲሰበር በሚሰጠው ስባሪ ያውቀዋል። የሳክሲቶክሲን ወገኖች በውኃ የሚሟሙ ስለሆኑ የራሳቸው የተለየ አሠራር አላቸው።

ከእያንዳንዱ ዙር ጋር የመርዝ መጠኑ አስቀድሞ በትክክል የታወቀ የሙስል ልቁጥ አብሮ ይመረመራል። እንዲህ ያለውን ማመሳከሪያ ከሚያዘጋጁት ዋነኛው የካናዳ ብሔራዊ የምርምር ምክር ቤት ነው። የማመሳከሪያው ውጤት ከተፈቀደለት ወሰን ከወጣ የዚያን ዙር ውጤት በሙሉ ጥለን እንደገና እንጀምራለን፤ መኪና በር ላይ ቆሞ ቢጠብቅም፣ ስልኩ ቢጮህም። በዚህ ሥራ ከሁሉ የምኮራበት ነገር ይህ ነው።

አንድ ነገር ልብ በል፤ መሣሪያው የሚያየው ፈልግ ያልከውን ብቻ ነው። በ1995 ከአየርላንድ ኪላሪ ወደብ የሄደ ሙስል በኔዘርላንድስ ቢያንስ 8 ሰዎችን አሳመመ። ምልክቱ የኦካዳይክ አሲድ ቢመስልም የዚህ መርዝ መጠን በሙስሉ ውስጥ ዝቅተኛ ነበር። በኋላ አዛስፒራሲድ የተባለ አዲስ የመርዝ ወገን ተገኘ። የሚያመነጨው አልጌ የታወቀው ግን በ2009 ነው፤ እጅግ ጥቃቅን በመሆኑ በተለመደው ቆጠራ ለማንም አልታየም ነበር። ኬሚስት ስትሆን የሕመምተኛውን ታሪክ ከመሣሪያው ግራፍ እኩል አንብብ።

«በባሕር ውስጥ በገመድ ላይ ሙስል አረባለሁ። ባለፈው ሳምንት ውኃዬ እንደ መስታወት ጠርቶ ሳለ ክልሌ ለመሰብሰብ ተዘጋ፤ ከእኔ ማዶ ያለው ክፍት ነው። ሙስሌ ከዚያ ወዲህ አንድ ጊዜ ተመርምሮ አልፏል፤ አሁንም ግን አልተከፈተልኝም። ይህ አግባብ ነው?»

ኪሳራዎ ይሰማኛል፤ የደረሰ ሙስል ገመድ ላይ ተንጠልጥሎ ማየት ምን ያህል እንደሚከብድ ብዙ አርቢዎች አጫውተውኛል። ቢሆንም ሁለተኛውን ውጤት መጠበቃቸው ተገቢ ነው እላለሁ። የአውሮፓ ደንብ አንድ የተዘጋ ክልል እንዲከፈት ቢያንስ 48 ሰዓት የተራራቁ፣ ተከታታይ የሆኑ ሁለት ከገደብ በታች የሆኑ ውጤቶችን ይጠይቃል። አንዱ ውጤት ብቻውን የአንድ ከረጢት፣ የአንድ ማለዳ ዕድል ሊሆን ይችላል።

ማዶ ያለው ክፍት የሆነበት ምክንያት ደግሞ አልጌው በነፋስና በሞገድ እየተገፋ ስለሚጓዝ ነው። አንዱን ሰርጥ ሞልቶ ሌላውን ሳይነካ ያልፋል፤ በአንድ ሰርጥ ውስጥም ላይኛው ውኃ ነፃ ሆኖ ጥቂት ሜትር ዝቅ ሲሉ በቀጭን ንብርብር ተሰብስቦ ሊገኝ ይችላል። ለዚህ ነው ናሙና ሰብሳቢዎቹ ከላይ በባልዲ ከመቅዳት ይልቅ ረጅም ቱቦ ወደ ታች ሰደው ከላይ እስከ ታች ያለውን ውኃ የሚያወጡት። ውኃው እንዳይበላሽ አዮዲን ይጨመርበታል፤ በትንሽ መስታወት ዕቃ ውስጥ እስኪዘቅጥ ይቆያል፤ ከዚያ ከሥር ወደ ላይ በሚያይ ማይክሮስኮፕ ሕዋሶቹ አንድ በአንድ ይቆጠራሉ።

ይህ ቆጠራ ሥጋው ከመመረዙ በፊት ሊያስጠነቅቅ ይችላል። ለምሳሌ በፍሎሪዳ ካሬኒያ ብሬቪስ የተባለው አልጌ በሊትር 5,000 ሕዋስ ሲደርስ የሙስልና የኦይስተር መሰብሰቢያው ይዘጋል። ብቻውን ግን በቂ አይደለምና ሥጋውም መመርመር አለበት። መሰብሰብ በሚፈቀድበት ወቅት የሥጋ ናሙና በአውሮፓ በመደበኛነት በየሳምንቱ ነው የሚወሰደው። ጠርዝ ላይ በሆኑ ቀናት ከምርመራው ውጤት በፊት መዝጋት ከዘገየ መዝጋት ይሻላል የሚል ጽኑ እምነት አለኝ፤ የተሸጠ ሙስል ተመልሶ አይሰበሰብም። ለአርቢው የሚበጀው ውጤቱን የሚያፈጥን መንገድ ነው። ከአካባቢዎ አርቢዎች ጋር ሆናችሁ ፈጣን የመርዝ መፈተሻ ወረቀቶችን ብትጠቀሙ መቼ መሰብሰብ እንደማያዋጣ አስቀድማችሁ ትገምታላችሁ፤ ክልሉን ለማስከፈት ግን የላቦራቶሪውን ውጤት አይተኩም።

«ከገደብ በታች ማለት ከመርዝ ነፃ ማለት ነው?»

አይደለም፤ ባለሙያዎችም ደፍረን ልንናገረው የሚገባ ነው። በአውሮፓ ሕግ ለአንድ ኪሎ ሥጋ ገደቡ ለሳክሲቶክሲን ወገን 800 ማይክሮግራም፣ ለኦካዳይክ አሲድና ለአዛስፒራሲድ ወገኖች እያንዳንዳቸው 160 ማይክሮግራም፣ ለዶሞይክ አሲድ 20 ሚሊ ግራም ነው። የአውሮፓ የምግብ ደኅንነት ባለሥልጣን በ2009 የሳክሲቶክሲኑን መርምሮ፣ በአንድ ጊዜ 400 ግራም ሥጋ የሚበላ ሰው እንዲጠበቅ በኪሎ ከ75 ማይክሮግራም መብለጥ የለበትም የሚል ግምት አውጥቷል። ከሕጉ ገደብ ጋር ያለውን ርቀት ያስተውሉ። ገደቡ ለረጅም ጊዜ ሠርቷል፤ በቁጥጥር ካለፈ ሙስል ከባድ መመረዝ ብርቅ ነው። ሆኖም ትልቅ ሳህን ለሚበሉ ሰዎች መጥበብ አለበት ብዬ አምናለሁ። እስከዚያው በአንድ መቀመጫ ብዙ አይብሉ፤ ለሕፃን ደግሞ ያሳንሱ።

«ስካሎፕ ነጩን ጡንቻ ብቻ ብንበላስ?»

በአብዛኛው ይህ ይረዳል፤ መርዙ በብዛት የሚገኘው በምግብ መፍጫ ዕጢው ውስጥ ሲሆን ነጩ ጡንቻ እጅግ አነስተኛ ነው የሚይዘው። በአንዳንድ አገሮችም ስካሎፕ ተለይቶ ጡንቻው ብቻ የሚሸጠው ለዚህ ነው። ነገር ግን ይህን መለየት ቁጥጥር ባለበት ማዘጋጃ ይሠራ እንጂ፣ ከተዘጋ ክልል የወጣውን በቤትዎ ቆርጠው ለመብላት ምክንያት አይሁንዎት። ዕጢው ከተቀደደ ጡንቻውን ይበክለዋል።

«ሙስል በበላን ማግስት ባለቤቴም እኔም ተቅማጥና ትውከት ያዘን። በሦስተኛው ቀን ዳንን። ባክቴሪያ ነው ተብለን ተመለስን። የባሕር መርዝ ሊሆን ይችላል?»

ሊሆን ይችላል። ኦካዳይክ አሲድና አዛስፒራሲድ የሚያመጡት ሕመም ልክ እንዲህ ነው፤ ብዙውን ጊዜ በሰዓታት ውስጥ ጀምሮ እስከ ሦስት ቀን ይቆያል፤ ተራ የምግብ መበላሸት ስለሚመስልም ብዙ ጊዜ ሳይመዘገብ ያልፋል። አሁን ከደማችሁም ሆነ ከምልክቱ ብቻ መለየት አይቻልም፤ መለየት የሚቻለው ከምግቡ ነው። ሌላ ጊዜ እንዲህ ቢያጋጥማችሁ ከሳህኑ የተረፈውን ሥጋና መረቅ እንዳትጥሉ። በንጹሕ ከረጢት አሽጋችሁ በረዶ ቤት አስቀምጡት፤ ላዩ ላይ የተበላበትን ቀንና ሰዓት፣ የበሉትን ሰዎች ቁጥርና የመጀመሪያው ምልክት የታየበትን ሰዓት ጻፉበት፤ የሻጩን ደረሰኝና የከረጢቱን መለያ ካገኛችሁ አያይዙት። ከዚያም በዚያው ቀን ለጤና ቢሮ ደውላችሁ ናሙናው ወደ መርዝ መመርመሪያ ላቦራቶሪ እንዲላክ ጠይቁ። ሙስሉ የተሰበሰበበት ክልል ገና ክፍት ከሆነ፣ ከዚያው የሚሸጥ ሌላ ከረጢት አለ ማለት ነው።